ቺንጊያው ምን አጠፋ?

የመኪና ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሱሉልታ ነዋሪ ነኝ። የምነዳው መርሴዲስ ሲ 200 ኮምፕረሰር ነው፤ በፈረንጆቹ የ2001 ሞዴል። ጠዋት ሳስነሳው ከፊት በኩል ይጮኻል፣ ትንሽ ሲሞቅ ዝም ይላል። ከአዲሱ ገበያ ወጥቼ የእንጦጦን ዳገት ስይዝ ደግሞ ጉልበቱ ይከዳኛል። ቺንጊያ ቀየርኩ። ብዙም ሳይቆይ ጠርዙ እየተበላ ክር ማውጣት ጀመረ፣ ጩኸቱም ተመለሰ። አሁን አንድ መካኒክ «የክራንክ ፑሊው ለቋል፣ ቶርኖ ቤት ወስደን በብየዳ እናስይዘው» ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «ካልቀረ ተለቅ ያለ ፑሊ አስገባ፣ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ሱፐርቻርጀር ይፈጥናል፣ ዳገቱን ትበላዋለህ» ይላል። የማንን ልስማ? መ. ነኝ።

መልስ፦ የሁለቱንም አትስማ፣ ወንድሜ። መካኒኩ በሽታውን አግኝቶታል፤ የሳተው መድኃኒቱን ነው። ቺንጊያው ግን ምንም አላጠፋም።

ክራንክ ፑሊ ሲሉህ አንድ ወጥ ብረት እንዳይመስልህ። መሃሉ ላይ ከክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ጋር የሚታሰር እምብርት አለ። ከውጭ ቺንጊያው የሚሄድበት ቀለበት አለ። በሁለቱ መካከል ደግሞ ላስቲክ ተጣብቋል። ላስቲኩ በከንቱ አልገባም። ሲሊንደር በተኮሰ ቁጥር ክራንክ ሻፍቱ በጣም በትንሹ ይጠመዘዝና ይመለሳል። ያንን ንዝረት የሚውጡት ላስቲኩና የውጭው ቀለበት ናቸው። መኪናህ 20 ዓመት አልፎታል። እስካሁን ሙቀቱ ላስቲኩን ሲጠብሰው ኖሯል፤ ከፊት ዘይት የሚያልብ ከሆነማ ይብስበታል። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ ይለቃል። ያኔ እምብርቱ ሲዞር ቀለበቱ ወደኋላ ይቀራል፣ ወይም እየተወላገደ ይከተለዋል። ቺንጊያው ቀጥ ብሎ መሄድ ስለማይችል ጠርዙ ይበላል። አዲስ ብትገዛለትም ያንኑ ነው የሚሆነው።

ዳገት ላይ የሚብስበት ምክንያት አለው። ቱርቦ ቢሆን በጭሱ ግፊት ነበር የሚዞረው። ያንተ ሱፐርቻርጀር ግን ጉልበቱን የሚያገኘው በዚሁ ቺንጊያ፣ ከዚሁ ክራንክ ፑሊ ነው። ነዳጅ ስትረግጥ አየሩን ለመጭመቅ ቺንጊያውን በኃይል ይይዘዋል። ላስቲኩ የለቀቀ ፑሊ በዚያ ሰዓት ይንሸራተታል፣ የአየሩ ግፊት ይወርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ይህን የሳሳ አየር ሲያካክስልህ የነበረው ሱፐርቻርጀሩ ነው። እሱ ሲሰንፍ በቀጭን አየር የሚተነፍስ ተራ ባለ 2 ሊትር ሞተር ይቀርሃል። የጠዋቱ ጩኸትም ዘመዱ ነው፤ መኪናው እንደተነሳ ዲናሞው ባትሪውን መልሶ ለመሙላት ስለሚከብድ ያንኑ ደካማ ፑሊ ይፈትነዋል።

ማንንም ከማመንህ በፊት ራስህ አረጋግጥ። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ ተማሪዎች ስህተት የሚያጠፉበትን ነጭ ፍሉድ ውሰድ። ከእምብርቱ ጀምረህ ላስቲኩን አቋርጠህ እስከ ውጭው ቀለበት አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። ይድረቅና ጥቂት ቀን ንዳው። ስትመለስ መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ፣ የውስጡና የውጩ ተላልፈው ካገኘሃቸው ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ በስልክህ መብራት ከላይ እየው፤ እጅህንና የአንገት ልብስህን ግን ከቺንጊያው አርቅ። ጤነኛ ፑሊ ሲዞር የቆመ ይመስላል። የለቀቀው ወዲያ ወዲህ ሲዋልል ታየዋለህ። ከሥሩም ጥቁር የላስቲክ ፍርፋሪ ይጠራቀማል።

አንድ ነገር ካየህ ግን ወደ ሱሉልታ አትመለስ። ቀለበቱ እየሸሸ ከፑሊው ጀርባ ያለውን የአልሙኒየም ክዳን መፋቅ ሲጀምር የሚያብለጨልጭ ቅስት ጭረት ይተዋል። እዚያ ከደረሰ መኪናውን አቁም። ውኃ ፓምፑም፣ ዲናሞውም፣ የመሪው ፓምፕም በዚያ ቺንጊያ ነው የሚዞሩት። ዳገት መሃል ቢወልቅ መሪው ይደድርብሃል፤ ሞተሩ ያለ ውኃ ዝውውር ይግላል። በርትተህ ከነዳኸው ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ራስ) ማስወረድ ይመጣል። የፑሊ ዋጋ ያኔ ቀልድ ይሆንብሃል።

አሁን ወደ ብየዳው። ጋራዤ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው፤ በብየዳ የታሰረ ፑሊ ይዘው የመጡ ደንበኞች አይቻለሁ። አንዱን አስታውሳለሁ፤ ብየዳው አራት ቦታ ተነጥቧል፣ ከውጭ ሲያዩት ያምራል። ሙቀቱ ግን የተረፈውን ላስቲክ አመድ አድርጎታል፣ ቀለበቱም ከመሃሉ ትንሽ ሸሽቶ ነው የተያዘው። በዚያ ላይ ንዝረቱን የሚውጥ ነገር የለም፣ ሁሉም ተመልሶ ወደ ክራንክ ሻፍቱ ይሄዳል። ቶርኖ ቤቶቻችን ጉድ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፣ የማከብራቸው። ይሄ ግን የቶርኖ ሥራ አይደለም።

የጓደኛህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ቅዠት አይደለም። የክራንክ ፑሊው ዙሪያ በ10 በመቶ ቢሰፋ ሱፐርቻርጀሩም በ10 በመቶ ይፈጥናል፤ ሒሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ ዲናሞው፣ ውኃ ፓምፑና የመሪው ፓምፕም አብረው መፍጠናቸው ነው። አየር አብዝተህ ስትጨምቀው ደግሞ ይሞቃል፣ የሞቀ አየር ሞተር ያንኳኳል። የሱፐርቻርጀሩ ኩሽኔታዎችም እንደ መኪናው አርጅተዋል። በዚያ ላይ ለፍጥነት ተብለው ከሚሸጡት ፑሊዎች ብዙዎቹ ወጥ አልሙኒየም ናቸው፣ ላስቲክ የሚባል የላቸውም። ከብየዳው ሸሽተህ እዚያው ተመለስክ ማለት ነው። አንተ የምትፈልገው ትናንት የነበረህን ጉልበት ነው፤ እሱን ደግሞ ትክክለኛው መጠን ይመልስልሃል።

ስትገዛ ሊብሬህን ይዘህ ሂድ፣ በሻንሲ ቁጥሩ አስፈልግ። «ሲ 200 ኮምፕረሰር» ብለህ ብቻ እንዳትጠይቅ። በፈረንጆቹ ከ2002 ጀምሮ በዚያው ስም ባለ 1.8 ሊትር ሌላ ሞተር ገብቶበታል፣ ኋላ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ግን አልተለወጠም። ሶማሌ ተራ የወለቀ ታገኝ ይሆናል። እኔ የወለቀ ፑሊ አልወድም፤ የላስቲኩ ዕድሜ ካንተው ጋር እኩያ ነው። ግድ ከሆነብህ ላስቲኩን በአውራ ጣትህ ጥፍር ዙሪያውን እየተጫንክ ሂድ። የተሰነጠቀ፣ የደረቀ ወይም ወደ ውጭ ያበጠ ካለው ተወው። መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ካገደ ወዲህ ሰው ያለውን አሮጌ መኪና አጥብቆ ይዟል፣ ሻጩም ይህን ያውቃል። ለአዲሱ ትንሽ ጨምር።

ሥራው ላይ ልቆይ፣ መካኒክህ አጠገብ ቆመህ የምታየው ስለሆነ። ቺንጊያው ከመውለቁ በፊት አካሄዱን በስልክህ ፎቶ አንሳ። መሃል ያለው ቡሎን በጣም የጠበቀ ነው። አንዳንዱ ረጅም መፍቻ ሰክቶ ሞተሩን በሞተሪኖ (በማስነሻው) ለቅጽበት በማዞር ሊያስለቅቀው ይሞክራል፤ መፍቻው ተወርውሮ ሰው ይሰብራል፣ ባንተ መኪና ላይ አይሞከር። ያንተ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሽ አስገብቶ መያዝም አይሠራም። ቮላኖውን፣ ማለትም ከክራንክ ሻፍቱ ኋላ ያለውን ባለ ጥርስ ክብ፣ በጥርሱ የሚይዝ መቆለፊያ ያስፈልጋል። ፑሊው እምቢ ካለ በመዶሻ አይመታም፣ የውጭው ቀለበትም በመንጠቆ አይጎተትም፤ የሚሳበው ከእምብርቱ ነው።

ከወለቀ በኋላ ከጀርባው ያለውን የዘይት ላስቲክ ቀይረው፣ ዋጋው ከድካሙ ሲተያይ ትንሽ ነው። ያረጀው ፑሊ ላይ ዘይት ካየህ ደግሞ ግዴታ ነው። የቺንጊያ መወጠሪያውንና ተሸካሚ ፑሊዎቹን በጣት አዙራቸው። እንደ ድንጋይ ወፍጮ የሚያጉረመርም ካለ ኩሽኔታው ሄዷል። ክራንክ ሻፍቱ ላይ ያለችው ትንሿ የብረት ቁልፍ ቦታዋ እንዳልሰፋ ይታይ። ቡሎኑ አዲስ ይሁን። ሲታሰር በቶርክ መፍቻ፣ የሞተሩ መመሪያ በሚለው ልክ ነው፤ ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ የሚወስድ ቡሎን ስለሆነ በክንድ ግምት አይሆንም። በአየር መፍቻ አስረው «ይበቃዋል» ካሉህ «አይበቃውም» በላቸው። የተበላውን ቺንጊያ መልሰህ አትሰር።

ጥያቄ፦ ከሰበታ ነኝ። እኔም ኮምፕረሰር ነው የምነዳው። ክራንክ ፑሊው መንገድ ላይ ቢለቅብኝ ሱፐርቻርጀሩን የሚዘል አጭር ቺንጊያ አድርጌ ቤቴ መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ አጭሩ ቺንጊያም የሚዞረው በዚያው በለቀቀው ፑሊ ላይ ነው፤ ስለዚህ አይረዳህም። ያ ዘዴ የሚያወጣህ የሱፐርቻርጀሩ የራሱ ኩሽኔታ ሲነክስ ነው፤ ያኔም ጉልበት ሳትጠብቅ፣ የሙቀት መለኪያውን እያየህ ቀስ ብለህ ለመግባት ያህል ብቻ። ክራንክ ፑሊው ከለቀቀ ግን መኪና ጫኝ ጥራ። አውቶማቲክ ከሆነ በገመድ እንዳታስጎትተው፣ የሚዞሩት የኋላ ጎማዎች መሬት እንዳይነኩ አድርገው ይጫኑት።