ድስቱንም ጠይቁ

ስለ ሴሊያክ፣ ማለትም በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን ስለሚጎዳበት በሽታ ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄ በዝቶብኛል። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ደግሞ ስለ ታይ ኑድል ቤት ነው። ዛሬ በእሱ ልቆይ።

ቨርጂኒያ የምትኖር እናት። የ9 ዓመት ልጇ ሴሊያክ አለባት። ፓድ ታይ የሩዝ ኑድል ስለሆነ ችግር የለውም ብላ ሁለቴ አበላቻት፤ ሁለቴም ልጅቷን ሆዷን አመማት። አስተናጋጁን አጥብቃ ልትጠይቅ አስባ ነበር፤ ግን "አስቸጋሪ ሴት እንዳልባል" ብላ ተወችው።

እህቴ፣ ስለ ኑድሉ ልክ ነሽ። ሴን ሌክ የሚባለው ቀጭኑ የፓድ ታይ ኑድል ከሩዝ ነው የሚሠራው። የጥንቱ ሶስም የዓሣ ሶስ፣ የዘንባባ ስኳርና ታማሪንድ ነው፤ ስንዴ የለበትም። ግን ብዙ ቤት ሶይ ሶስ ወይም ኦይስተር ሶስ ይጨምርበታል። ሶይ ሶስ ሲባል አኩሪ አተር ብቻ ይመስለናል። አብዛኛው ግን ከስንዴ ጋር ነው የሚብላላው። ኦይስተር ሶስም ውስጡ ሶይ ሶስ ወይም ለማወፈሪያ የስንዴ ዱቄት ሊኖረው ይችላል።

መጥበሻውም አለ። አሁን ፓድ ሲ ኢው የሚባለው ሌላ ኑድል በሶይ ሶስ የተጠበሰበት መጥበሻ ለቅለቅ ይደረግና የልጅሽ ምግብ ይሠራበታል። ከሁሉ የሚብሰው ድስቱ ነው። ባ ሚ የሚባለው ቢጫ ኑድል የስንዴ ነው። ብዙ ኑድል ቤት እሱንም የሩዙንም የሚነክረው አንድ የፈላ ውሃ ውስጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ የታሸገ ምግብ "ከግሉተን ነፃ" ለመባል በ1 ኪሎ ከ20 ሚሊግራም በታች ግሉተን ነው ሊኖረው የሚገባው። በጣትሽ ቆንጥረሽ ከምታነሺው ዱቄት ያነሰ ነው። ቀኑን ሙሉ ባ ሚ ሲቀቀልበት የዋለውን ውሃ እስቲ አስቢው።

ስለዚህ ሰው ባልበዛበት ሰዓት ሂጂና ጠይቂ። ሶይ ሶስ አለበት? ታማሪ በሚባለው፣ ስንዴ በሌለው ሶይ ሶስ መቀየር ትችላላችሁ? መጥበሻውን በሳሙና ታጥቡልኛላችሁ? ኑድሉን በሌላ ድስት፣ በአዲስ ውሃ ትቀቅሉልኛላችሁ? አስተናጋጁ ሳያስብ "ችግር የለም" ካለሽ፣ ኩሽና ገብቶ እንዲጠይቅልሽ አድርጊ። አንችልም ካሉሽ አመስግነሽ ውጪ።

ይሉኝታውን ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ታናሽ እህቴም ሴሊያክ አለባት። አንድ ኑድል ቤት አብረን ገብተን ጥያቄ ስታበዛ "ተይ፣ ሰዎቹን አታስቸግሪ" ያልኳት እኔ ነኝ። ሌሊቱን ስታስመልስ አደረች። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። የቀረበልንን መብላት ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ ጉርሻ እንኳ እምቢ አይባልም። የልጅሽ አንጀት ግን ይሉኝታ አያውቅም። ትንሽም ብትሆን ግሉተን የትንሹን አንጀት ሽፋን ትጎዳለች። ምግብ ወደ ሰውነት የሚገባው በዚያ በኩል ነው፤ ልጅሽ ደግሞ ገና እያደገች ነው። እሷ እየሰማች ጠይቂ። ነገ ብቻዋን ስትገባ እንዴት እንደሚጠየቅ ካንቺ ትማራለች።

ፓድ ታይ ይጾማል ወይ? እንቁላልና የደረቀ ሽሪምፕ ስላለበት ያለ እነሱ ይሥሩልኝ በሉ። የዓሣ ሶሱን ነገር ለነፍስ አባታችሁ ትቻለሁ። ግሉተን የማይስማማችሁ ጿሚዎች ግን "የአትክልት ዳክ" ከሚባለው ራቁ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከራሱ ከስንዴው ግሉተን ነው። ቶፉ ይሻላችኋል።

ዕቃ ለማምጣት ባንኮክ የሚመላለሱ፣ ሴሊያክ ያለባቸው ነጋዴ መንገድ ዳር ኑድል ሲያዩ ምን ማለት እንዳለባቸው ይጠይቃሉ። "ፔ ፔንግ ሳሊ" ማለት የስንዴ ዱቄት አለርጂ አለብኝ ማለት ነው። ግን የታይ ቋንቋ በድምፅ አወጣጥ ትርጉሙ ይለወጣል፤ በታይ ፊደል አስጽፈው ኪስዎ ውስጥ ይያዙ። ሾርባው ጠርቷል ብለው አይመኑ፤ ሶይ ሶስ ብዙ ጊዜ እዚያም አለ። ደግሞ ኑድልዎ የሚነከረው ባ ሚ በተነከረበት በዚያው ውሃ ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን የመንገድ ኑድሉን ትቼ ነጭ ሩዝና ሶስ ያልነካው የተጠበሰ ዓሣ አዝዛለሁ።

ስዊድን ያለ አንባቢ፦ ምግብ ቤት ምግቡ ግሉተን እንዳለበት የመናገር ግዴታ አለበት? አዎ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ምግብ ቤቶች ስለ 14 የአለርጂ ዓይነቶች መረጃ መስጠት አለባቸው፤ ግሉተን ያላቸው እህሎች አንዱ ናቸው። ሳትፈራ ጠይቅ።

አንድ ወጣት ስንዴ ካቆመ 3 ሳምንት ሆኖታል፤ ሆዱ ስለቀለለው የሴሊያክ ምርመራው ይቅርብኝ ይላል።

አይቅርብህ! የደም ምርመራው የሚፈልገው ሰውነትህ ለግሉተን ሲል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ግሉተን ካቆምክ እሱም እየቀነሰ ይሄድና በሽታው እያለብህ "የለብህም" ልትባል ትችላለህ። ለወጉ ያህል "ሐኪም አማክር" እያልኩህ አይደለም። በዚህ ሳምንት የአንጀት ሐኪም ጋ ሂድ፤ ስንዴ መቼ እንዳቆምክም ንገረው። በራስህ ፈቃድ መልሰህ አትጀምር፤ እንዴት እንደምትመረመር እሱ ይወስን። ሴሊያክ ከተገኘብህ ወላጆችህ፣ ወንድምና እህቶችህም መመርመር አለባቸው።

እንጀራስ? ጤፍ ግሉተን የለውም። ውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል። የጋገረችውን ጠይቁ።

ከኑድሉ ጋር ቢራስ? የገብስ ብቅል ነው። አይሆንም።