የወሊድ ክፍል ቅሬታ ለማን ይቀርባል?

ወንድሜ፣ ባለቤትህን በምጥ ላይ ሳለች ሌሊቱን ዞር ብሎ ያያት ከሌለ፣ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ አመልክት። የካርድ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት ይኑረው። ፊርማው የእሷ ይሁን፤ ፋይሉ የእሷ ነውና። «ተንገላታን» ብቻ ብሎ መጻፍ የትም አያደርስም። «ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት የፅንሱ የልብ ምት አልተለካም» በሉ፤ ምጡ ከገፋ በኋላ ፓርቶግራፉ (የምጥ መከታተያው ቅጽ) ላይ በየ30 ደቂቃው መሞላት ስላለበት፣ ባዶው ቦታ ራሱ ይመሰክራል። ሁለት ኮፒ አድርጋችሁ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስመቱ፤ አንዱን ያዙ። በመንግሥት ተቋም ወሊድ ነጻ ነው፤ ጓንት ግዙ ተብላችሁ ከሆነ ደረሰኙን አያይዙ። መልስ ከጠፋ ወደ ጤና ቢሮ። የአዲስ አበባ ዳር ላይ ስለሆናችሁ ግን (ይሄ ነው ሰውን የሚያመላልሰው) ሆስፒታሉ አዲስ አበባን በከበበው በኦሮሚያው ሸገር ከተማ ውስጥ ከሆነ የሚመለከተው ኦሮሚያን እንጂ የአዲስ አበባን ቢሮ አይደለም።