ከፍዬ ልሥራ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ25 ዓመት ወጣት ነኝ። ባዮሎጂ ተምሬ ሁለት ዓመት ቢሮ ሠርቻለሁ። ሰሞኑን አንድ ድርጅት ውጭ አገር ገጠር ገብቼ ስለ አካባቢ ንጽሕናና ስለ ጤና በበጎ ፈቃደኝነት እንዳስተምር ተቀብሎኛል። ጊዜው ስድስት ሳምንት ነው። ትኬቱን የምችለው እኔ ነኝ። በዚያ ላይ “የፕሮግራም ክፍያ” የሚሉት አለ። ቋንቋቸውን አልችልም፤ አስተምሬም አላውቅም። ልቤ ሂጂ ሂጂ ይለኛል። እናቴ ግን “ከፍለሽ ልትሠሪ?” እያለች ትስቃለች። ልሂድ? ከሄድኩስ ምን ይዤ?
ልቧ የተንጠለጠለ

መልስ፦
እህቴ፣ እናትሽ እየሳቁ ይጠይቁ እንጂ ጥያቄያቸው ቀልድ አይደለም። እኔ እሱን ሳልጠይቅ ነው የሄድኩት።

ዓመታት አልፈዋል። ሻንጣዬ ግማሹ ልብስ፣ ግማሹ ፖስተር ነበር። የተሰጠኝ ርዕስ “ፕላስቲክ አናቃጥል” የሚል ነው። ጭሱ ሳንባ እንደሚጎዳ፣ አንዳንዱ ፕላስቲክ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ እንደሚያወጣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለፈለፍኩ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ሰዉም በትሕትና ይሰማኛል። አንድ ቀን ልጅ ያዘለች ሴት እጇን አወጣች። አስተርጓሚው ትንሽ አፈር ብሎ ነገረኝ፦ “ካላቃጠልነው የት እናድርገው?”

ደርቄ ቀረሁ። ቆሻሻ የሚወስድ መኪና እዚያ አይደርስም። የተቆፈረ ጉድጓድም የለም። ያን ዕለት ማታ ከቤቱ ጀርባ ጭስ ሸተተኝ። ወጥቼ ሳይ አከራዬ የእኔን የብስኩት ላስቲክና የውሃ ፕላስቲክ እያቃጠሉ ነው። ከእኔ በፊት የተላኩት ሦስት ሰዎችም ያንኑ ፖስተር ይዘው እንደመጡ የሰማሁት በኋላ ነው።

ከዚህ ጉድ ያወጣችኝ የመንደሩ ነርስ ናት። “አንቺ ትሄጃለሽ፣ እኔ እዚሁ ነኝ። ለእኔ የሚቀር ነገር ሥሪ” አለችኝ። የእሷ ጭንቀት ዴንጊ የሚባለው የትኩሳት በሽታ ነበር። ሕፃናቱ ማታ አጎበር ውስጥ እየተኙ ትኩሳቱ ይይዛቸዋል። እናቶቹም “አጎበሩ ምን ሊረባን?” ማለት ጀምረዋል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ዴንጊ የምታስተላልፈው ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ቀን ነው፤ በተለይ ጠዋትና አመሻሹ ላይ። የምትራባውም ሩቅ ረግረግ ውስጥ አይደለም። ደጃፍ ላይ ዝናብ ያቆረ አሮጌ ጎማ፣ የተጣለ ጣሳ፣ ክዳን የሌለው በርሜል ይበቃታል።

እንቁላሉ ትንኝ እስኪሆን ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን አካባቢ ይፈጅበታል። ስለዚህ በየሳምንቱ ውሃውን የደፋ ሰው ትንኟ ሳትበር ይቀድማታል። መድፋት ብቻውን ግን አይበቃም። እንቁላሉ የዕቃው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ በደረቁ ወራት ይቆያል፤ ዝናብ ሲነካው ይፈለፈላል። ፈግፍጎ ማጠብ ያስፈልጋል። ይህን ነርሷ ታውቀዋለች። የቸገራት ጊዜና የሰው ጉልበት ነው። የእኔ ሥራ እዚያ ጋ ተገኘ። ተማሪዎቹን በቡድን ከፋፈልን። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ውሃ ያቆረ ዕቃ ስንት እንዳገኙ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ትናገር የነበረው እሷ ናት፣ እኔ ባልዲ ተሸካሚ ነበርኩ። ፖስተሮቼን ገልብጠን በጀርባቸው የቤቶቹን ካርታ ሣልንባቸው። (ከዚያ ሁሉ ወረቀት ጥቅም የሰጠው ጀርባው ነው።)

አሁን ወዳንቺ። ከመክፈልሽ በፊት ለድርጅቱ ጻፊላቸው። ይህን ሥራ ማን ጠየቃችሁ፣ መንደሩ ነው ወይስ እናንተ? አብሬው የምሠራው የአገሬው ሰው ማነው፣ አሁን ላናግረው እችላለሁ? ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ምን ትቶ ሄደ? ገንዘቤ ለምን ለምን ይውላል፣ በዝርዝር? ቪዛውስ የምን ዓይነት ነው? “በቱሪስት ቪዛ ግቢ፣ ማንም አይጠይቅም” ካሉሽ ተዪው። የሚጠየቀው የገባው ሰው ነው፣ ድርጅቱ አይደለም። መርፌ ትወጊያለሽ፣ ታዋልጃለሽ የሚሉሽ ከሆነማ ሩጪ። አገርሽ ላይ የማይፈቀድልሽ ነገር ድንበር ስለተሻገርሽ አይፈቀድልሽም።

ክፍያ ሁሉ ማጭበርበር ነው አልልም። ማደሪያና ምግብ ገንዘብ ያስወጣል። ግን ሳይከፈልም እንደሚኬድ እወቂ። እ.ኤ.አ. በ1970 በጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ የተቋቋመው፣ ዋና ቢሮው ጀርመን ቦን የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም አመልካችን ገንዘብ አይጠይቅም። እንዲያውም የመኖሪያ አበል ይሰጣል። ፉክክሩ ግን ቀላል አይደለም። ከቤትሽ ሆነሽ በኢንተርኔት የምትሠሪውም በጎ ፈቃድ አላቸው፤ ለመለማመጃ አይጠላም።

ቋንቋውን አትፍሪው። ሰላምታ፣ ቁጥር፣ ከዚያ ውሃ፣ እጅ፣ ልጅ፣ ትኩሳት የሚሉትን ቃላት አጥኚ። በአስተርጓሚ ስትናገሪ አጭር ዓረፍተ ነገር ተጠቀሚ፤ ዓይንሽ ሰዎቹ ላይ ይሁን። “ገባችሁ?” ብለሽ ደግሞ አትጠይቂ። ሁሉም አዎ ነው የሚልሽ። “እስቲ አሳዩኝ” በያቸው። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የሚሰጠውን ኦአርኤስ ከአስረዳሁ በኋላ አንዷን እናት አሳዪኝ ብያት ነበር። በአንድ ሊትር ውሃ የሚበጠበጠውን ፓኬት በሙሉ አንድ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ በጠበጠችው። እንዲያ ሲወፍር ጨው ይበዛበታል፣ ልጁን ይጎዳዋል። ባላሳየችኝ ኖሮ ጥሩ አስተማሪ ነኝ ብዬ እመለስ ነበር።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። የምትሄጂበት አገር የቢጫ ወባ ክትባት የሚጠይቅ ከሆነ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተከተቢ፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ብትታመሚ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ማጓጓዣውን ጭምር የሚሸፍን ኢንሹራንስ ግቢ። ፖስተር አትሸከሚ። ደብተር፣ ማርከርና ውሃ የማያስገባ ጫማ ይበቃሻል።

ስድስት ሳምንት አጭር ነው፤ ለአንድ ነገር ግን ይበቃል። ያንን አንድ ነገር የሚመርጠው እዚያ የሚቀረው ሰው ይሁን። ለጥያቄዎችሽ የሰው ስምና የወጪ ዝርዝር ያለበት መልስ ከላኩልሽ ሂጂ። ፈገግ ያሉ ሕፃናት ፎቶ ያለበት ብሮሹር ከላኩልሽ ቅሪ። የትኛው እንደሆነ ካልለየልሽ ደብዳቤውን ለእናትሽ አንብቢላቸው።