ከዲስክ ሳጥኑ ጀርባ ዙሩ

ጅማ ውስጥ በባንክ፣ በሆስፒታል ወይም በዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ክፍል ሥራ የጀመራችሁ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ኔትወርኩንም ሶፍትዌሩንም በደንብ ታውቃላችሁ። ብዙ ዲስኮች የያዘውን ሳጥን ኤሌክትሪክ የሚመግበውን ፓወር ሰፕላይ ግን እስከሠራ ድረስ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በሥራ ዘመኔ ካየሁት የዳታ መጥፋት ብዙው የጀመረው ከዚያ ነው።

ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። ዲስክ የሚፈልገው ግን ቀጥተኛውን ነው። በትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ 12 ቮልቱ ሞተሩን ያሽከረክራል፣ 5 ቮልቱ ሰርኪዩቱን ያሠራል። ፓወር ሰፕላዩ መጀመሪያ 220ውን ወደ ቀጥተኛ ይቀይራል፤ ያኔ ከ300 ቮልት በላይ ይሆናል። ከዚያ በሰከንድ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር ያወርደውና ያጣራዋል። ያ ከ300 በላይ የሆነው ቮልት ካፓሲተር ውስጥ ይጠራቀማል። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ስለሚችል፣ ፓወር ሰፕላዩን ከፍታችሁ እንዳትነካኩ፣ አደራ።

መብራት ብልጭ ሲል ሳጥኑን ይዞ የሚያቆየውም ይኸው ካፓሲተር ነው፤ ግን ለ20 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ነጎድጓዱ ሲጀምር መብራቱ ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ ይላል። ግልገል ጊቤ ቅርባችን መሆኑ መስመሩን ከመብረቅ አያድነውም። መብራት ሲቋረጥ ከባትሪው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዩፒኤስ የሚያስፈልገው መብራት ለሰዓታት ሲሄድ ብቻ ሳይሆን ለዚህችም ለአፍታዋ ነው።

መብራት ሲመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቆሞ የነበረ ዲስክ ሲነሳ ከ12 ቮልቱ ወደ 2 አምፔር ሊስብ ይችላል። 24 ዲስክ እኩል ቢነሳ 48 አምፔር፣ ማለትም 576 ዋት ነው። መሽከርከር ከጀመሩ በኋላ ግን በአብዛኛው እያንዳንዱ ከ10 ዋት በታች ይበቃዋል። ስለዚህ ጥሩ ሳጥን ዲስኮቹን በየተራ ያስነሳል። ጠጋ ብላችሁ አዳምጡ፤ ድምፁ ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ይሰማል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ከጮኹ ሴቲንጉን እዩት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። አብዛኛው ሳጥን ከጀርባው ሁለት ፓወር ሰፕላይ አለው። ሁለቱም እየሠሩ ጭነቱን ይካፈላሉ። እንደ ጥማድ በሬ ግን አይደሉም፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ብቻውን ማረስ መቻል አለበት። የተበላሸው ደህናውን ይዞት እንዳይወድቅም መውጫው ላይ የሚለየው ሰርኪዩት አለ። የሠሩት ሰዎች ይህን ያህል ተጨንቀውበታል። ሰዉ ግን ሁለቱንም ገመድ አንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰካቸዋል! ይሄ በጣም ነው የሚያናድደኝ። ማከፋፈያው ከተቃጠለ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ገመዱን በእጃችሁ ይዛችሁ እስከ ግድግዳው ድረስ ተከተሉት። አንዱ ከአንድ ዩፒኤስ፣ ሌላው ከሌላ ዩፒኤስ ይምጣ። ሁለተኛ ዩፒኤስ ከሌለ በሌላ ብሬከር የሚመጣ መስመር ፈልጉለት። የስልክ ቻርጀር የሚሰካበት ማከፋፈያ ላይ ግን በጭራሽ።

አንዱ ሲሞት ሳጥኑ አይቆምም። ለዚህ ነው ማንም ሳያውቅ ወራት የሚያልፉት፤ ነገሩ የሚታወቀው ሁለተኛው ሲከተል ነው። በየሳምንቱ ከጀርባ ዙሩና መብራቶቹን እዩ። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፤ ብርቱካናማ ካያችሁ አትለፉት። የማራገቢያውን ወንፊት በባትሪ አብሩበት። አቧራ ከደፈነው አየር አይገባም፣ ሙቀቱም የካፓሲተሩን ዕድሜ ያሳጥረዋል።

አንዱ ቢበላሽ ምትኩ እጃችሁ ሳይገባ የሞተውን ነቅላችሁ አታውጡት። በብዙ ሳጥን ቀዳዳው ክፍት ከሆነ አየሩ በዲስኮቹ መካከል ማለፉን ትቶ በዚያ ይዞራል፣ ዲስኮቹም ይግላሉ። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቀናት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ የሞተው ቦታውን ይዞ ይቆይ፤ ባክአፑን ግን ዛሬውኑ ውሰዱ።