መመሪያ ያልተጻፈለት ማሽን

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን እኛ ቢሮ ለልምምድ የመጣች ተማሪ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ ስታመነታ አየኋት። "ምነው?" አልኳት።

"እትዬ፣ የተሰጠኝ ሲስተም ዶክመንቴሽን የለውም፤ እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈ ነገር የለም። የሠራው ሰውዬ ለቋል። ኤአይ ብጠይቅም የመሰለውን ይነግረኛል እንጂ የሚመልስልኝ ከሲስተሙ ጋር አይገጥምም። ከየት ልጀምር?"

እንባዋ አቅርሯል። እኔ ደግሞ ስብሰባ ረፍዶብኝ ነበር፤ "አይዞሽ፣ እናየዋለን" ብያት ሄድኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ጥያቄዋ አላስተኛኝ አለ። ይህን የምጽፈው ለእሷም፣ እንደሷ ግራ ለገባችሁም ነው። መልሴ የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ጂን ጄኒንግስ ባርቲክ ትባላለች። የእሷን ታሪክ ስናወራ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ጂን በ1924 አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ ገጠር ተወለደች። የገበሬ ልጅ ናት። እዚያው አቅራቢያ ባለ የመምህራን ኮሌጅ ሒሳብ አጥንታ በ1945 ተመረቀች። አባቷ እዚያው አካባቢ አስተማሪ ብትሆን ደስ ይለው ነበር። እሷ ግን ከቀዬዋ ወጥታ ሌላ ነገር ማየት ፈለገች። የአሜሪካ ጦር ፊላዴልፊያ ላይ ሒሳብ የሚችሉ ሰዎች ይፈልጋል ሲባል አመለከተች። ጥሪው ሲመጣ በእኩለ ሌሊቱ ባቡር ተሳፈረች። ገና 20 ዓመቷ ነበር።

የተቀጠረችበት የሥራ መደብ "ኮምፒዩተር" ይባል ነበር። ያኔ ቃሉ የሰው መጠሪያ ነው፤ ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ሰው ማለት ነው። ሥራቸው የመድፍ ጥይት በየት በኩል አልፎ የት እንደሚያርፍ ማስላት ነበር። ወታደሩ መድፉን የሚያነጣጥረው በዚያ ሠንጠረዥ ነው። የአንድ ጥይት ጉዞ በጠረጴዛ ካልኩሌተር ሲሰላ ከ30 ሰዓት በላይ ይፈጃል። አንድ ሠንጠረዥ ደግሞ እጅግ ብዙ እንዲህ ያለ ስሌት ይፈልጋል። በዚያው በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሙር በሚባለው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ትምህርት ቤት፣ ይህን የሚያፋጥን ማሽን በምስጢር እየተሠራ ነበር። ኤኒያክ ይባላል። የጦርነት ልጅ መሆኑን አልደብቃችሁም። የመጀመሪያ ከባድ ሥራውም ለሃይድሮጂን ቦምብ ጥናት የተደረገ ስሌት ነበር። እኔ ይህን ሳስብ ይከብደኛል፤ እናንተም እንዲከብዳችሁ እፈልጋለሁ።

ለማሽኑ ሠራተኛ ሲመረጥ ጂንም አመለከተች። ጠያቂዋ ኸርማን ጎልድስታይን ስለ ኤሌክትሪክ ምን እንደምታስብ ጠየቃት። እሷም ፊዚክስ እንደተማረች ተናግራ ስለ ኤሌክትሪክ ፍሰት የሚናገረውን የኦምን ሕግ ጠራችለት። እሱ ግን ማወቅ የፈለገው ሌላ ነገር ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስፈራት እንደሆነ። እንደማትፈራ ነገረችው። አለፈች።

ስድስት ሴቶች ተመረጡ። ካትሊን ማክነልቲ፣ ጂን ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራንሲስ ቢላስ፣ ሩት ሊክተርማን። ስማቸውን አንድ በአንድ የጻፍኩት በምክንያት ነው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ልምምድ ተማሪዋ ጥያቄ ልምጣ። እነዚህ ሴቶች መጀመሪያ ላይ ማሽኑ ያለበት ክፍል እንዲገቡ አልተፈቀደላቸውም። ምስጢር ነዋ! የተሰጣቸው የሽቦውን አቀማመጥ የሚያሳይ አንድ ክምር ንድፍ ነው። ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ ላይ ድረሱበት፤ ከዚያ እንዴት እንደሚታዘዝም እናንተው ፈልጉ ተባሉ። መመሪያ መጽሐፍ የለም። ፕሮግራሚንግ ላንጉጅ፣ ማለትም ኮምፒዩተር የሚታዘዝበት ቋንቋ፣ የሚባል ነገር የለም። ከእነሱ በፊት ይህን ሥራ የሠራ፣ ሄደው የሚጠይቁት ሰው የለም።

ማሽኑ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። 30 ቶን ይመዝናል። ክፍሉን ዙሪያውን የያዙ 40 ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ፓኔሎች አሉት፤ ውስጣቸው ወደ 18,000 የሚጠጉ፣ እንደ አምፖል የሚግሉ ቫኪዩም ቲዩቦች ይበራሉ። ኪቦርድ የለው፣ ስክሪን የለው። አንድ ስሌት ማዘዝ ማለት ገመድ ተሸክሞ ከፓኔል ፓኔል እየሰኩ፣ ስዊቾቹን በእጅ እያዞሩ መሄድ ነው።

ታዲያ ከየት ጀመሩ? ከአንድ ክፍል። ማሽኑ ውስጥ አኩሙሌተር የሚባሉ 20 ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ አሥር አኃዝ ያለው ቁጥር ይይዛል፤ ሌላ ቁጥር ሲመጣለት ይደምራል። አርተር በርክስ የሚባል ከማሽኑ ሠሪዎች አንዱ ይህ ክፍል እንዴት እንደሚሠራ አስረዳቸው። ይህ አንዱ ከገባቸው በኋላ የቀረውን በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ ራሳቸው ደረሱበት። ጥንድ ጥንድ ሆነው ተከፋፈሉት። አንዷ የገባትን ለሌላዋ ታስረዳለች፣ ሌላዋ ትሟገታታለች።

እኔ በ40 ዓመት ሥራዬ ከዚህ የተሻለ አጀማመር አላገኘሁም። ሙሉውን ሲስተም በአንድ ጊዜ ልረዳ ያለ ሰው በሁለተኛው ቀን ይደክመዋል። አንድ ሠንጠረዥ፣ አንድ ፋንክሽን (የፕሮግራሙን አንድ ቁራጭ)፣ አንድ ቁጥር ያዙና ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ኤአዩን ተጠቀሙበት፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን መስመሩን በገዛ ጣታችሁ ሳትከተሉ የመለሰላችሁን አትለጥፉ። ሲበላሽ የሚጠየቀው ኤአዩ አይደለም።

እነ ጂን በዚህ መንገድ ምን አተረፉ መሰላችሁ? ማሽኑንም ሥራውንም አብረው አወቁ። ብልሽት ሲመጣ ከ18,000ው ቲዩብ መሃል የተቃጠለውን እስከመለየት ደረሱ። ጂን በኋላ ስትናገር፣ ችግር በማግኘት ከኢንጂነሮቹ ባንበልጥ እንኳ አናንስም ነበር ብላለች። እኔ አምናታለሁ።

ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1946 ማሽኑ ለተጋበዙ ሳይንቲስቶችና ሹማምንት ሊታይ ነው። የመድፉን ስሌት ያዘጋጁት ጂንና ቤቲ ናቸው። ማርሊንና ሩት ደግሞ ማሽኑ የሚሄድበትን እያንዳንዱን ደረጃ በእጅ አስልተው ማመሳከሪያ አዘጋጁ። ዋዜማው ላይ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ አንድ ነገር ብቻ እንቢ አለ። ጥይቱ መሬት ከነካ በኋላ ስሌቱ አይቆምም። ወረቀቱ ላይ ጥይቱ አፈሩን ቀዶ ወደታች ይጓዛል። ሌሊቱን ቢፈልጉት አልተገኘም። አቅቷቸው ወደየቤታቸው ሄዱ። ጠዋት ቤቲ መጣችና በቀጥታ ወደ አንድ ስዊች ሄዳ በአንድ እርከን አዞረችው። ተስተካከለ። እንቅልፏ ውስጥ ነበር መልሱ የመጣላት። ሌሊቱን ሙሉ የለፋ ሰው ጭንቅላት ተኝቶም ይሠራል፤ ያልለፋ ሰው ግን እንዲህ ያለ ሕልም አያይም።

ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር የራሴ አንድ ሌሊት ትዝ ይለኛል። ሥራ የጀመርኩት በእኛ 1978 ዓ.ም ነው፤ ኮቦል በሚባል ፕሮግራሚንግ ላንጉጅ የተጻፈ፣ ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ነበረን። ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ጷጉሜን የት ያውቃል? ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች አስራ ሦስተኛ ወር ጨምረውለት አምስት ቀን ሰጥተውታል። በ1979 ጷጉሜ ስድስት ሆነች። በስድስተኛው ቀን ፕሮግራሙ ቀኑን አልቀበልም ብሎ ቀጥ አለ። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ሰው ችቦ ሊለኩስ ወደ ቤቱ ይጣደፋል፤ እኔ የማሽን ክፍሉ ወለል ላይ የፕሮግራሙን ህትመት ዘርግቼ በቀይ እርሳስ መስመር እከተላለሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አካባቢ አገኘሁት። "ከ05 ከበለጠ ስህተት ነው" የምትል አንዲት መስመር! ለዚያ ሌሊት ወደ 06 ቀየርኳት። ከበዓል በኋላ ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ እንድትፈቅድ አድርጌ በደንብ ጻፍኳት። ሪፖርቱ ለበላይ ሲቀርብ ስሜ የለበትም። ያኔ ምንም አላልኩም። ዛሬ ብሆን እናገር ነበር።

የእነ ጂንም እንዲሁ ሆነ። ማሳያው ሰመረ። ማሽኑ የጥይቱን ጉዞ በ20 ሰከንድ ገደማ አሰላው፤ ጥይቱ ራሱ መሬት ከሚደርስበት ጊዜ ቀድሞ። ጭብጨባ ሆነ። ማታ ለእንግዶቹና ለማሽኑ ሠሪዎች ትልቅ የእራት ግብዣ ተደረገ፤ ፕሮግራመሮቹን የጠራቸው የለም። በዚያ ብርድ ወደየቤታቸው ሄዱ። በኋላም ፎቶግራፋቸው ሲወጣ ስማቸው አብሮ አይወጣም። በ1980ዎቹ ኬቲ ክላይማን የምትባል ተማሪ ፎቶውን አይታ "እነዚህ ሴቶች እነማን ናቸው?" ብላ ስትጠይቅ፣ ማሽኑ እንዲያምር የቆሙ ሞዴሎች ናቸው ተባለች። ልክ እንደ ፍሪጅ ማስታወቂያ። እሷ ግን አልተዋጠላትም። ፈልጋ አገኘቻቸው። ስድስቱም አንድ ላይ በቴክኖሎጂ የሴቶች የክብር መዝገብ የገቡት በ1997 ነው፤ 51 ዓመት ቆይቶ።

ጂን በ1948 ኤኒያክ ትእዛዞቹን ውስጡ ይዞ እንዲሠራ የለወጠውን ቡድን መርታለች። ቢናክና ዩኒቫክ በሚባሉ ተከታይ ኮምፒዩተሮች ላይም ሠርታለች። ከዚያ ልጆች ለማሳደግ ለዓመታት ከሥራ ራቀች፤ ተመልሳ በእንግሊዝኛ ማስተርስ ያዘች፤ ስለ ኮምፒዩተር የሚጻፉ ሕትመቶች አርታኢ ሆነች። ዕድሜዋ 60 ካለፈ በኋላ ከሥራ ተቀነሰች። በሙያዋ የሚቀጥራት አጣች። ከዓለም የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራመሮች አንዷ ከዚያ በኋላ ለ25 ዓመት ያህል ቤት አሻሻጭ ሆና ሠራች። ቤት ማሻሻጥ የተከበረ ሥራ ነው፤ የሚያንገበግበኝ እሱ አይደለም። ያን ሁሉ እውቀት ከፊታቸው አስቀምጠው ያልጠየቋት ሰዎች ናቸው የሚያንገበግቡኝ። በየቢሯችሁ ጥግ ላይ የተቀመጡ አሮጌ ሰዎች አሉ። ሂዱና ጠይቋቸው። ሻይ ጋብዟቸው። ይህን የምላችሁ አሁን እኔም ከእነሱ አንዷ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ በ20 ዓመቴ ባለመጠየቄ የቀረብኝ ብዙ ነገር ስላለ ነው።

ጂን በ2011 አረፈች። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም አክብሯት ነበር። የተማረችበት ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ በስሟ የተሰየመ የኮምፒዩተር ሙዚየምም አለው።

በነጋታው ልምምድ ላይ ያለችውን ልጅ ጠርቼ ይህንኑ ነገርኳት። ከዚያ አንድ ትልቅ ወረቀትና እርሳስ ሰጠኋት። "ኮዱን ለጊዜው ተይው፤ አንድ የደንበኛ ክፍያ ያዢና ከገባበት እስከሚወጣበት ተከተይው" አልኳት። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ይዛ መጣች። ሣጥኖች፣ ቀስቶች፣ የተሰረዙ ቀስቶች፣ ጥግ ላይ የጥያቄ ምልክቶች። ሁለት ክፍያዎች በአንድ ቀስት መግባታቸውን አሳየችኝ፤ እኔ ለስድስት ዓመት ያላየሁት ነገር ነው። ደጋግሜ አየሁት። ልክ ናት።

ወረቀቱን ልትጠቀልል ስትል ያዝኳት። "ቆይ፣ ከታች ስምሽን ጻፊ። ቀኑንም" አልኳት። አፈር ብላ በእርሳስ ጻፈች። እስክሪብቶዬን አቀበልኳትና በላዩ ላይ እንድትደግመው ነገርኳት።