ሳንባዬ ጠባሳ ይዟል፤ ልረፍ ወይስ ልራመድ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የጅማ ነዋሪ ነኝ፤ 54 ዓመቴ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ የስድስት ወር መድኃኒቴን ጨርሻለሁ። አክታዬ ነፃ ነው ተብያለሁ፤ ራጅ ላይ ግን ሳንባዬ ጠባሳ ይዟል አሉኝ። ዳገት ስወጣ፣ ልብስ ሳጥብ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ልጆቼ «እማዬ አርፈሽ ተቀመጪ» እያሉ ውኃ እንኳ አያስቀዱኝም። በቅርቡ ያየኝ ባለሙያ ደግሞ እንቅስቃሴ አድርጊ አለኝ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ባለሙያውን። ልጆችዎ አዝነውልዎት ነው፤ ነገር ግን መቀመጥ ጠባሳውን አያሳንሰውም፣ የሚያሳንሰው ጭንዎንና ባትዎን ነው። የሰለለ ጡንቻ ትንሽ ሲሠራ ቶሎ አሲድ ያመነጫል፤ ሰውነትም ያንን ለማካካስ ትንፋሹን ያፋጥናል። ስለዚህ ብዙ የተቀመጠ ሰው ያችኑ ዳገት ለመውጣት ከድሮው የበለጠ አየር ይፈልጋል፤ ጠባሳ የያዘ ሳንባ ደግሞ ያን ትርፍ ከየት ያመጣዋል? የሳንባ ተሃድሶ የሚባለው እንቅስቃሴ ሳንባውን አይጠግንም። እግር በጥቂት አየር ብዙ እንዲሠራ ያለማምዳል።

አዲስ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ ከመጀመርዎ በፊት አክታዎ እንደገና ይታይ። ቀድሞ መታከምዎን መናገር አይርሱ፤ ጂን ኤክስፐርት የተባለው የአክታ መመርመሪያ የሞተ ባክቴሪያ ቅሪት አግኝቶ «አለ» ሊል ይችላል። እግርዎ የሚያብጥ ከሆነ ልብዎም በአልትራሳውንድ ይታይ፤ የሳንባ ጠባሳ የልብን ቀኝ ክፍል ሊያደክም ይችላል።

ቀጥሎ የስድስት ደቂቃ የእርምጃ ፈተና አለ። 30 ሜትር በሆነ ሜዳማ መተላለፊያ ላይ ሲመላለሱ የሄዱት ርቀት ይለካል። 300 ሜትር ከሄዱ በደቂቃ 50 ሜትር መሆኑ ነው፤ ልምምዱ የሚጀመረው በዚያ 80 በመቶ፣ በደቂቃ 40 ሜትር ነው። ልኩን ሳያውቅ የሚጀምር ሰው በመጀመሪያው ቀን ይሮጥና በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል።

አሁን ዋናው ነገር። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ተቀምጠው ሳሉ 94 በመቶ ቢያሳይ አይዘናጉ። በዕረፍት ጊዜ ደም በሳንባ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ኦክስጅን የሚሞላበት ጊዜ አለው። ሲራመዱ ልብ ይፈጥንና ደሙ በጠባሳው በኩል ሳይሞላ ያልፋል፤ ቁጥሩ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 80ዎቹ ሊወርድ ይችላል። ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ራሱ ሳስቶ ነው የሚጠብቅዎ። ስለዚህ የሚለካው እየሄዱ ነው፤ ከ88 ሲወርድ ይቁሙ፣ 90 ሲያልፍ ይቀጥሉ። በየጊዜው የሚወርድ ከሆነ ከኦክስጅን ጋር መሥራት ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙ ይወስናል። ጥፍር ላይ ያለ ሂና ወይም ቀለም፣ የቀዘቀዘ ጣትም ንባቡን ያበላሻል። ጥቁር ቆዳ ላይ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ከንፈርዎ ከጠቆረ ወይም ራስዎን ካዞረዎ ሰውነትዎን ይመኑ።

መርሐ ግብሩ 8 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ቀን ነው፤ ከተቻለ ሁለቱ ቀን በፊዚዮቴራፒስት ፊት ይሁን። 5 ደቂቃ ቀስ ብለው ሰውነትዎን ያሟሙቁ። ከዚያ 2 ደቂቃ መሄድ፣ 1 ደቂቃ መቆም፤ ይህን 5 ጊዜ። የእግር ጉዞው ብቻውን 20 ደቂቃ እስኪሞላ በየሳምንቱ አንድ ዙር ይጨምሩ። መጀመሪያ የሚጨመረው ጊዜው ነው እንጂ ፍጥነቱ አይደለም። የትንፋሽ ድካምዎን ከ0 እስከ 10 ቢሰጡት 3 ወይም 4 ላይ ይሁን፦ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የማያስችል። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣው ዳገት ለመጀመሪያው ወር አይሆንም። ዝናቡ ሲያስቸግር 10 ሜትር በረንዳ ይበቃል፤ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ 40 ሜትር ነው።

ለጡንቻ፦ ከወንበር በእጅ ሳይደገፉ ተነሥቶ መቀመጥ፣ 10 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። ለክንድ በየእጅዎ የግማሽ ሊትር ውኃ ጠርሙስ ይዘው ያንሡ። ሲነሡም ሲያነሡም አየር ያስወጡ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ትንፋሹን አፍኖ ራሱን ያዞረዋል። 20 ሊትሩን ጀሪካን ልጆችዎ ይሸከሙ፣ ባለ 3 ሊትሯን ግን አይቀሙዎት።

«በረጅሙ ተንፍሺ» የሚለው ምክር ለሁሉም አይሠራም። ስፓይሮሜትሪ የሚባለው የትንፋሽ መለኪያ ምርመራ የአየር ቧንቧ መጥበቡን ካሳየ ከንፈርን አሞጥሙጦ ቀስ ብሎ ማስወጣት ይረዳል። ሳንባው ደርቆ የማይለጠጥ ብቻ ከሆነ ግን በግድ በረጅሙ መሳብ ሳል ነው የሚያመጣው፤ ጎንበስ ብሎ እጅን ጭን ላይ ማሳረፍ ይሻላል።

ቡና ሲቆላና ከሰል ሲቀጣጠል አጠገቡ ልምምድ አይሥሩ። ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ድካምንም ይደብቃል፤ ስለዚህ ከጫት በኋላ አይሆንም።

ትኩሳት ባለብዎት ቀን ይተዉት። የደረት ሕመም ወይም ራስ መሳት ካጋጠመዎ፣ ወይም አክታዎ ደም ከቀላቀለ፣ ትንሽም ቢሆን፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፤ የድሮ ነቀርሳ ቁስል ባዶ ቦታ ውስጥ ፈንገስ ሊያድግ፣ በሽታው ራሱም ሊመለስ ይችላል።

በ8 ሳምንቱ ፈተናው ይደገማል። 300 የነበረው 330 ከሆነ እርስዎም የሚሰማዎት ለውጥ ነው። ካቆሙ በወራት ውስጥ ይጠፋል፤ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ይቀጥሉ።