መልስ፦ የኮርቻው ዘንግ ዝጎ ለተጣበቀበት የስዊዘርላንድ ጦር ብስክሌት

ኤም.ኦ. 05 በሚባለው የስዊዘርላንድ ጦር ብስክሌትህ ላይ የኮርቻው ዘንግ አልወጣ ካለህ መዶሻውን አስቀምጥ። ወደ ላይ ብቻ ብትስበው አይለቅም፤ መጠምዘዝ አለበት።

1. ኮርቻውን አውልቅ፤ የዘንጉን ማጥበቂያ ቡሎንም ሙሉ በሙሉ አውጣ።

2. ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በዘንጉ ዙሪያ አንጠባጥብ። ሌሊቱን ይደር፣ በማግስቱ ድገመው። የፔዳሉን መሃል ዘንግ ከፈታኸው ደግሞ ብስክሌቱን ገልብጠህ ከታች በኩል ዘንጉ ወደገባበት ቱቦ አፍስስ። እዚህ ላይ አትቸኩል። ቴላዮ (የብስክሌቱ ዋና አካል) የሚጣመመው ዘይቱ ሳይሰርግ በጉልበት ሲሞከር ነው።

3. የዘንጉን ጫፍ ሞርሳ (ዕቃ ጨብጦ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ አጥብቀህ እሰር። ከዚያ ብስክሌቱን ራሱን እንደ ረጅም እጀታ ይዘህ ቀስ እያልክ ግራና ቀኝ አዙረው። ንቅንቅ ካለ ዘይት ጨምር፣ እየጠመዘዝክም ሳበው። ዘንጉን መልሰህ የምትጠቀምበት ከሆነ የሞርሳው ጥርስ እንዳይበላው በሁለቱም ጎን እንጨት አድርግ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ኮስቲክ ሶዳ አፍስስበት የሚሉህን አትስማ። ሶዳ የሚበላው አሉሚኒየምን ነው። ያንተ ዘንግም ቴላዮም ብረት ስለሆኑ ዝገቱን አይነካውም፤ ቀለሙን ግን ልጦ ያወርደዋል። የጋዝ እሳትም እንዲሁ ቀለሙን ያቃጥላል።

ይህ ሞዴል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ሥራ ላይ የዋለ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታትም ተመርቷል። የድሮ ብስክሌት የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የፋብሪካውን ቀለምና ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ነው። ቢጫጫርም ተወው። አዲስ ለማስመሰል ተፍቀው ዋጋቸውን ያጡ ብዙ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

ዘንጉ ሲወጣልህ ቱቦውን ከውስጥ አጽዳና ግሪስ ቀብተህ መልሰው።